የሥራ ፈቃዱ የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አሜሪካ በውጭ አገር ላሉ ባለሙያዎች በሚቀርብ አዲስ የኤች-ዋን-ቢ (የባለሙያ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ) ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር መጠየቅ ከጀመረች ወዲህ ክርክሩ ሁሉ ሁለት ነገር ላይ ቆሟል፤ ስንት ሰው ይግባ፣ ስንት ይከፈልበት። የእናንተም ጽሑፎች ከዚህ አልወጡም። እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሠራተኛው ነው ወይስ ለአሠሪው?

ኤች-ዋን-ቢ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። በዓመት 65,000 ቦታ አለው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000 ይጨመርበታል። ፈላጊው ስለሚበዛ ዕጣ ይወጣል። (ሎተሪ ሲባል ዲቪ ብቻ ለሚመስለው ሰው፣ ኢንጂነሩም ዕድሉን የሚሞክረው በዕጣ ነው።) ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን ድርጅቱ ነው። ሰውየው ከሥራ ከተሰናበተ ቢበዛ 60 ቀን አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ አሠሪ ካላመለከተለት ወይም የቪዛውን ዓይነት ካልቀየረ ሻንጣውን መሸከፍ ነው። የልጆቹ ትምህርት፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ ያ የራሱ ጣጣ ነው።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ አሠሪ መቀየር ቀለል ብሏል። አዲሱ ድርጅት ማመልከቻ ካስገባለት ውሳኔ ሳይጠብቅ ሥራ መጀመር ይችላል። ግን ያው ወረቀት የሚያስገባለት ድርጅት መገኘት አለበት። ግሪን ካርድ የሚጠብቅ ሰውማ ይብስበታል። በሥራ በኩል ከሚሰጠው ውስጥ የአንድ አገር ተወላጆች በዓመት ከ7 በመቶ ብዙም እንዳይበልጡ ስለተገደበ ሕንዳውያን ለረጅም ዓመታት ወረፋ ይይዛሉ። መሃል ላይ አሠሪ ቢቀይሩ አዲሱ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ከሀ ነው የሚጀምረው።

እንዲህ የታሰረ ሰው አለቃውን ምን ይለዋል? ደመወዜ አነሰ ይላል? ቅዳሜ አልገባም ይላል? ዝም ነው የሚለው። ሕጉ ለሙያው በአካባቢው ከሚከፈለው በታች እንዳይከፈል ያዛል፤ ተቆጣጣሪው ግን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው አቤቱታ ሲደርሰው ነው። አቤት ባዩ ደግሞ የሚኖርበት ወረቀት በተከሳሹ እጅ ነው። የአገሬው ሠራተኛ «ደመወዛችንን አወረዱብን» ሲል ቅሬታው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጣቱን የቀሰረው ግን መደራደር ወደማይችለው ሰው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሻሻለው የብሉ ካርድ (ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) ሕግ ይሻላል። ባለካርዱ ከመጀመሪያዎቹ 12 ወራት በኋላ አሠሪ ሲቀይር ቢበዛ እንዲያሳውቅ ነው የሚጠየቀው። ሥራ ቢያጣ ሌላ ለመፈለግ 3 ወር አለው፤ ካርዱን ከያዘ 2 ዓመት ከሞላው ደግሞ 6 ወር። ካርዱን ለማግኘት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ ለጀማሪ ይከብዳል፣ እሱን አልክድም።

አሠሪዎች «ይህን ሁሉ አውጥተን አምጥተነው በወሩ ቢሄድስ?» ይላሉ። ተገቢ ስጋት ነው። ለዚያ ግን የአንድ ዓመት ገደብ ይበቃል፤ ወይም አዲሱ አሠሪ የቀረውን ወጪ ለቀድሞው ይተካ። 100,000 ዶላር የከፈለ ድርጅት ሰውየውን በዋዛ የሚለቅ አይመስለኝም። ክፍያው በናረ ቁጥር ገመዱም እየጠበቀ ነው የሚሄደው።

በሚቀጥለው ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ የኩባንያ ኃላፊና ፖለቲከኛ ብቻ አትጠይቁ። በ60 ቀን ውስጥ ሥራ ሲያሳድድ የከረመ ሰውም አነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ