ስለ ጥንቸሎቹ ቫይታሚን እኔም የምለው አለኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በሙቀት ወቅት ወንድ ጥንቸሎች እንዳይመክኑ አንቲኦክሲዳንት (እንደ ቫይታሚን ኢና ሲ ያለ፣ ሰውነትን ከመበላሸት የሚከላከል ንጥረ ነገር) ስጧቸው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ቀርቷል፣ ያ የቀረው ግማሽ ደግሞ እኔን ሦስት ጥሩ ሴት ጥንቸሎች አሳጥቶኛል።

ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሙቀቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ከ30 ዲግሪ አልወርድ አለ። ወንዱ ኬጁ ውስጥ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ አፍንጫው ረጥቦ፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮውን ስይዘው ይፋጃል፣ የደም ሥሮቹ ተገትረዋል። ጥንቸል እንደኛ አያልበውም፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጆሮውና በትንፋሹ ነው። ብቻ አልሞተም። ሙቀቱ በረድ ሲል መብላት ጀመረ፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ሴት ሳቀርብለት እንደ ድሮው ነው፤ ያጠቃል፣ ከዚያ ወደ ጎኑ ዘፍ ይላል። ጥንቸል ያረባ ሰው ያቺን ዘፍ ማለት ካየ ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። እኔም ሄድኩ። በ12ኛው ቀን የሴቶቹን ሆድ ስዳስስ ባዶ። አስደገምኩ፣ ባዶ። በቃ መክነዋል ብዬ ሦስቱንም አስወገድኳቸው። ጥፋተኛው እዚያው ቁጭ ብሎ ድርቆሹን ይቆረጥማል።

ለካ ፍላጎትና ዘር ለየብቻ ናቸው። ወንዱ እያጠቃ፣ ዘሩ ግን የማይዋኝ ወይም የሞተ ሊሆን ይችላል። የዘር ፍሬዎቹ ከሰውነቱ ውጭ የተንጠለጠሉት በከንቱ አይደለም፣ ከሆዱ ጥቂት ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ስላለባቸው ነው። አየሩ ራሱ ከጋለ ግን ወዴት ይሽሹ? በዚያ ላይ የዘሩ ሽፋን ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ስብ የበዛበት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሙቀት ላይ የከረመ ዘይት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል፣ እንደዚያ ነው። ቫይታሚን ኢ እዚያ ሽፋን ውስጥ ገብቶ መበላሸቱን ያስቆማል፣ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያለቀበትን ኢ መልሶ ያድሰዋል። ሴሊኒየም ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው የመከላከያ ኢንዛይም አካል ነው። ስለዚህ ነገሩ መሠረት አለው። በሙቀት ውስጥ የቆዩ ወንዶች ላይ ተሞክሮም የዘሩ እንቅስቃሴና በሕይወት ያለው መጠን ሲሻሻል ታይቷል።

ታዲያ ጸቤ ምን ላይ ነው? ቀኑ ላይ። አንድ ዘር ከመጀመሪያው ተሠርቶ፣ በስሎ፣ ለመውጣት እስኪደርስ ሰባትና ስምንት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ የሚወጣው ዘር የዛሬ ሁለት ወር ገደማ የተጀመረ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ጉዳቱ ሙቀቱ ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ሙቀቱን ረስቶ ሳለ ብቅ የሚለው። አሁን አርቢው ይደነግጣል፣ ሮጦ የቫይታሚን ዱቄት ይገዛል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠብጣል፣ አንድ ወር ከምናምን ይጠብቃል፣ ሴቶቹም ማርገዝ ይጀምራሉ። ዱቄቱ ተአምር ሠራ! ይባላል። ዱቄቱን ባይሰጠውም እኮ የተበላሸው ዘር ተራው አልፎ፣ በቀዝቃዛው ጊዜ የተሠራው ይመጣ ነበር። እኔም ራሴ በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ስመሰክር ከርሜያለሁ፣ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ። አፍሬያለሁ።

የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው ሙቀቱ ሳይመጣ ተጀምሮ ሙቀቱ እስኪያልፍ ሲቀጥል ነው። ጽሑፋችሁ ይህንን አንድም ቦታ አላነሳም።

ሌላው የውሃው ነገር ነው። ጥንቸል እንደ ሰው አይደለም፣ ቫይታሚን ሲን በጉበቱ ራሱ ይሠራል፣ በከባድ ሙቀት ጊዜ ግን የሚሠራው ላይበቃው ይችላል። እሺ ጨምሩለት። ግን ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ቫይታሚን ሲ ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ኃይሉን ቶሎ ያጣል፣ ጠዋት አድርጋችሁ ማታ ድረስ ብትተዉት ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። ባሰ ደግሞ ጣዕሙ ተለወጠ ብሎ መጠጣት የሚቀንስ ጥንቸል አለ። በዚያ ሙቀት ውሃ የቀነሰ ጥንቸል ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ እንዴ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። የእኔዎቹ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው አላቸው፣ ቫይታሚኑ ከመኖው ጋር ነው። መኖውም ቢሆን ሙቀት ያለበት መጋዘን ውስጥ ወራት ከከረመ ቫይታሚን ኢው እየሳሳ ይሄዳል፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ያው ነው።

ሴሊኒየምን በግምት የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ ያስፈሩኛል። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። መኖው ውስጥ ቀድሞ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደግሞ በማንኪያ ትደርቡበታላችሁ። ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት።

እና ጥላው? ነፋሱ? ጽሑፋችሁ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፈዋል። እኔ ውሃ በረዶ ያደረግኩባቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ኬጁ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ወንዱ ሄዶ ይለጠፍባቸዋል። ሲቀልጡ እቀይራለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ወንዶቹን ከጣሪያው ሥር ካለው ከላይኛው ተርታ አውርጄ ታች አድርጌያቸዋለሁ። ማስጠቃትም በጠዋት ወይም ከመሸ በኋላ ብቻ። ሴቶቹም በሙቀት ይጎዳሉ፣ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

አሁን በየወንዱ ኬጅ ላይ ካርድ አለ። ሙቀቱ 30 ያለፈበትን ቀን እጽፍና ስምንት ሳምንት ወደፊት እቆጥራለሁ። እዚያ ቀን ሳይደርስ ማንም ሴት መካን አትባልም። ከወንዶቹም ሁለቱን ያለ ምንም ዱቄት እተዋቸዋለሁ፣ ዱቄቱ እውነት ሠርቶ እንደሆነ ከነሱ ጋር ሳስተያይ ነዋ የማውቀው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ቫይታሚን ስትጽፉ ይህችን የቀን ስሌት አብራችሁ አውጡልን። ሦስቱ ሴቶቼ አሁንም ይቆጩኛል፣ በተለይ ግራጫዋ።

አንድ ጥንቸል አርቢ አንባቢያችሁ