ሽሮስ ይበላል ወይ? ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለኩላሊት ሕሙማን በአገራችን ምግብ የተዘጋጀ የአመጋገብ መመሪያ ስለ መጠየቅ

እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከምትታከምበት ቦታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተሰጠን፤ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ያሉት ፊደላት ጠፍተዋል። «አይበሉ» በሚለው ሥር ሙዝ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ቅጠላ ቅጠልና ያልተፈተገ እህል ተደርድሯል። ብሮኮሊም አለ፤ እናቴ ብሮኮሊ አይታ አታውቅም። እየተረጎምኩ ሳነብላት በትዕግሥት አዳመጠችኝና «ሽሮስ?» አለች። ሽሮ ወረቀቱ ላይ የለም። እንጀራም የለም።

መልስ ስናጣ ሁሉንም ተውነው። በዐቢይ ጾም የቀራት ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ነበር። አንዳንዴም ዳቦውን በጥቁር ለስላሳ ታወርደዋለች፤ ፎስፎሪክ አሲድ፣ ማለትም የደከመ ኩላሊት ማስወገድ የሚያቅተው ፎስፈረስ ያለበት ለስላሳ ከክልከላው ውስጥ አልገባም! ሆዷ ደረቀ። አራት አምስት ቀን ሰገራ ሳትቀመጥ ትሰነብታለች። አብዛኛው ክልከላ የመጣበትን የፖታሲየም ማዕድን መጠን በደሟ በየጊዜው ያዩላታል፤ ስለ ሆዷ ግን የጠየቃት የለም።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝና ይህ ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ ላስረዳ። ኩላሊት ሲደክም ዩሪያ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ከፊሉም ወደ አንጀት ይሰርጋል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ አሞኒያው የአንጀትን ግድግዳ ያላላል። ባክቴሪያዎቹ አሰር፣ ማለትም በአትክልት፣ በጥራጥሬና ባልተፈተገ እህል ያለውን የማይፈጭ ክፍል፣ ሲያገኙ አንጀትን የሚመግቡ አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ። አሰሩ ሲጠፋ ፊታቸውን ወደ ፕሮቲን ያዞራሉ፤ ሆድ ደርቆ ምግቡ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ይብስባቸዋል። ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን ከተባሉት የፕሮቲን ክፍሎች ኢንዶልንና ፒ-ክሬሶልን ያወጣሉ፤ ሰውነት እነዚህን ኢንዶክሲል ሰልፌትና ፒ-ክሬሲል ሰልፌት ወደተባሉ መርዞች ይለውጣቸዋል። ጤናማ ኩላሊት በሽንት ያስወግዳቸዋል። የእጥበት ማሽኑ ግን አይሆንለትም፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ስለሚጓዙ በማጣሪያው አያልፉም። እናቴ አራት ሰዓት ተኝታ ታጥባ አብዛኛውን ይዛው ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን የእጥበት ሕሙማን ደም መርምሮ እነዚህን ሁለት መርዞች ከሞላ ጎደል አላገኘም። ምንጫቸውን ለመጠቆም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ውድ መድኃኒት ይገዛልን ማለቴ አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ መርዙን አንጀት ውስጥ ይዞ የሚያስቀር የከሰል መድኃኒት ትሰጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙት ትልልቅ ሙከራዎች ግን በሽታውን እንደሚያዘገይ አላሳዩም። አሰር ዕድሜ ይጨምራል ብዬም አልምልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሙከራ አሰር የተጨመረላቸው የእጥበት ሕሙማን ነጻ፣ ማለትም ከአልቡሚን ጋር ያልተጣበቀ፣ ኢንዶክሲል ሰልፌታቸው ቀንሷል፤ በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያም ከእንስሳት ተዋጽኦ ይልቅ ወደ ዕፅዋት ምግብ ያደላል።

ፖታሲየም ልብ እንደሚያቆም አውቃለሁ፤ ክልከላው ከሜዳ አልመጣም። ግን ድንችን ልጦና ቆራርጦ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ፖታሲየሙን እንደሚቀንስ፣ የጥራጥሬ ፎስፈረስም ፋብሪካ ምግብ ውስጥ ከሚጨምረው ፎስፌት ያነሰ ወደ ደም እንደሚገባ ለእናቴ የነገራት ማነው? «አትብዪ» ማለት አንድ ቃል ነው። እንዴት አድርጋ፣ ስንት ጭልፋ፣ በሳምንት ስንት ቀን የሚለው ግን ባለሙያ ይፈልጋል።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመላው ሕዝብ የምግብ መመሪያ አውጥቷል። የኩላሊት ሕሙማንም የራሳቸው ይውጣላቸው፤ በጤፍ፣ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመንና በቆሎ የተሰላ፣ የጾምና የፍስክ፣ በአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ። እጥበት የሚሰጥ ተቋም ሁሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲኖረው ይታዘዝ። ነርሷም ክብደትና ግፊት ስትመዘግብ «ሆድሽስ እንዴት ነው?» የሚለውን ትጨምር፤ ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። እስከዚያ ሌላው ባይደርስ እንኳ የሽሮውን መልስ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት