ጎተራው ሳይራቆት

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳልሰጥ ሦስት ዓመት አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄን ከወለድኩ በኋላ እንኳን መጻፍ፣ ሰው ማናገርም ከብዶኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ የእማማ ወሬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ አገኘኋቸው። አራተኛ ወርሽን እንደያዝሽ ፊታቸው እየበራ ነገሩኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ! ቀጠሉና «ውኃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ያው እርግዝናው ነው» አሉኝ። ይቺ «እርግዝናው ነው» የምትባል ነገር ናት ያስደነገጠችኝ። እኔንም ያዘናጋችኝ እሷ ናት።

አልነገርኩሽም እንጂ ስድስተኛ ወሬ ላይ አፈር ያምረኝ ነበር። ዝናብ ጠብ ሲልበት የጓሯችን የጭቃ ግድግዳ ሽታው አያስችለኝም። በጥፍሬ ፈርፈር አድርጌ እቅም ነበር። አምሮት ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ክትትል ስሄድ ክብደቴንና ግፊቴን ለክተው ይሸኙኛል፤ ደሜን ያየልኝ የለም። ስምንተኛ ወሬ ላይ አንዲት አዋላጅ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና ዝም አለች። ከዚያ ጣቴን ወጋችኝ። የደሜ መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ 8.2 ነበር። ለነፍሰ ጡር ከ11 ከወረደ ደም ማነስ ነው። ክኒን ጀመርኩ፤ ግን ጊዜው አጠረ። ስወልድ ደም ሲፈሰኝ ራሴን ሳትኩ። በሰው ደም ነው የተረፍኩት።

ስለዚህ ውለሽ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። «ሄሞግሎቢኔን ለኩልኝ» በያቸው። ምንም ባይሰማሽም ሂጂ። መሶብ ላይ እንጀራ አለ ማለት ጎተራው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ሄሞግሎቢን የመሶቡን ነው የሚነግርሽ። ጎተራውን፣ ማለትም ሰውነት ለደም መሥሪያ ያከማቸውን ብረት፣ የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። እሱ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ሆስፒታል ከሄድሽ ጠይቂ። ደግሞ አገራችን ደጋ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ቁጥሩም ከፍ ብሎ ይታያል። እናንተ አማኑኤል 11.5 ብትባዪ፣ ከፍታው ሲቀነስ ከ11 በታች ነው። «ከፍታውን አስባችኋል?» ብለሽ ጠይቂ፤ አትፈሪ።

የአይረን (የብረት) እና የፎሊክ አሲዱን ክኒን ከሰጡሽ በየቀኑ ዋጪ። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጪ። ሆድሽን ካደረቀሽ ንገሪያቸው እንጂ አታቋርጪው። ከቡና ጋር ግን አደራ! ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። እናንተ ቤት እንጀራው ሳይነሳ ጀበናው እንደሚጣድ አውቃለሁ፤ አንድ ሁለት ሰዓት አስታግሻቸው። «ጤፍ የምትበላ ሴት ደም አያንሳትም» ለሚሉሽም፣ ጤፍ ብረት አለው፤ ግን የእህል ብረት ሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ወጡ ላይ ሎሚ ጨመቅ ብታደርጊበት ያግዘዋል። የጾሙን ነገር ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ የኔ ነፍስ አባት ቀድመው ነበር «ብዪ» ያሉኝ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

እማማ በሚመጣው ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ መሰለኝ። ውጤቱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫቸው፤ ጨው ተራ እጠብቃቸዋለሁ።

ያንቺው እህት