ዋካ ዋካን ያስወደደው የሻኪራ ስም ብቻ አይደለም

ሰላም አዘጋጆች፣ ስለ ዓለም ዋንጫ ዘፈኖች ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፈው። በአብዛኛው ተመችቶኛል ግን ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ የዘፋኙ የኬናን ዌቪን ፍላግ እንዳላችሁት የ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ኦፊሻል ዘፈን አልነበረም፣ የኮካኮላ ማስታወቂያ ነው፣ የፊፋው የሻኪራ ዋካ ዋካ ነው። ሰው ቢያምታታው አይፈረድም፣ ያኔ በኛ 2002 መሆኑ ነው፣ ሁለቱ እየተቀያየሩ ሲጮሁ ነው የከረሙት። እኔ እንደውም የኬናንን ነው የምወደው፣ ያውም የመጀመሪያውን፣ ኮካኮላ ስለ ጦርነት የሚያወራውን ግጥም ሳያስወጣበት በፊት ያለውን። ሞቃዲሾ ተወልዶ የተሰደደ ልጅ ስለ ባንዲራ ሲዘፍን ሆድ ያባባል። (በፈረንጆቹ 2014 ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ኮካኮላ ዘፈን ለየአገሩ ሲያሰራ የኛው ቴዲ አፍሮም ቀርጾ ነበር፣ ሳይለቀቅ ቀረ እንጂ።)

ዋናው ጉዳዬ ግን ዋካ ዋካ የተወደደው በሻኪራ ዝና ነው ያላችሁት ነው። ዝና ቢበቃማ የብራዚሉን ዘፈን ዛሬ ማን ያንጎራጉረዋል? ፒትቡልና ጄኒፈር ሎፔዝ ነበሩበት እኮ! የራሺያው ላይ ዊል ስሚዝ ራሱ ነበረ፣ ማን ትዝ ይለዋል።

ዋካ ዋካ ሻኪራ እጅ ሳይገባ በፊት በሰው አፍ የተፈተነ ዜማ ነው። ጎልደን ሳውንድስ የሚባሉ ካሜሩናውያን፣ የፕሬዝዳንቱ ጠባቂ ወታደሮች የነበሩ፣ ዛንጋሌዋ ብለው በፈረንጆቹ 1986 አውጥተውታል፣ ያውም ዩኒፎርማቸው ውስጥ ትራስ ወትፈው ሆዳም አለቃ መስለው እየቀለዱ፣ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት በሳቅ ነው የምትሞቱት። ዘፈኑ አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበለው ነው፣ እኛ ሰርግ ላይ እንደምናደርገው፣ ስለዚህ ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም ተቀባይ ሆኖ ይገባበታል፣ ስታዲየም ደግሞ ሙሉ ተቀባይ ነው። የኳታሩ ጊዜ ሳውንድትራክ ብለው ዘፈን በዘፈን ላይ ደረደሩ፣ አንዱን ሳንለምደው ሌላው መጣ፣ የሚቀበልህ ሰው ዜማውን ሳይዘው እንዴት አብሮህ ይዘፍናል? ከነሱ መሃል የኮሪያዊውን ዘፋኝ የጁንግኩክን የኬፖፕ (የኮሪያ ፖፕ) ወዳጅ ልጆች ይዘውታል፣ ከዛ ውጪ እኔ ሰፈር የሚያዜመው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስትጽፉ የጎልደን ሳውንድስን ስም ከሻኪራ ጎን አስገቡልን። ቦታ ከጠበባችሁ የፒትቡልን ፎቶ አውጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ