ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በሐበሻ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት እኔ፣ ቀድመሽ የፈለግሽኝ አንቺ። ደግሞ አንዲት ወቀሳ የለበትም። «የእህቴ ልጅ ቴሌቪዥን ውስጥ ፕሮዳክሽን ማናጀር ካልሆንኩ ብላለች፣ ምን ተምራ ነው የሚገባው?» ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ይላል፣ በቃ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጅቷን ጥያቄ እመልሳለሁ። የራሴንም ጣጣ እነግርሻለሁ፤ ሁለቱ ተያይዘዋል።

ሥራው እንደ ሕክምና ፈቃድ አውጥተሽ የምትገቢበት አይደለም። ማስታወቂያው ላይ በቴአትር፣ በጋዜጠኝነት ወይም በማኔጅመንት ዲግሪ ይላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት አለ፣ የግል የፊልም ማሠልጠኛዎችም አሉ። ትማር፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን የገባሁት በዚያችው በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬ ነው። ትሪያል ባላንሱ አልገጥም ሲለኝ ስህተቱን የምታገኚልኝ አንቺ እንደነበርሽ አልረሳሁም። አንቺ ባለሽበት አሜሪካ፣ የዳይሬክተሮች ማኅበሩ ውል ባለበት ቀረጻ ላይ ማናጀሩ የማኅበሩ አባል ነው። እኛ ጋ ማኅበሩ የሰው ስልክ ነው። አንዱ ፕሮዲውሰር ሌላው ጋ ደውሎ «ይቺን ልጅ እንዴት አየሃት?» ይላል። ወይ ትገቢያለሽ፣ ወይ ቤትሽ ትቀሪያለሽ።

መጀመሪያ ደረሰኝ ሰብሳቢ ነበርኩ። ውኃ አዳርሳለሁ፣ ፔቲ ካሽ፣ የትንንሽ ወጪ ብር፣ ይዤ ለታክሲ፣ ለባትሪ፣ ለምሳ እከፍላለሁ። ምሳ የምታመጣልን ሴትዮ ምግቧ ግሩም ነው፣ ደረሰኝ ግን የላትም። ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ወጪው ወጪ አይባልም። ይሄን ጉድ ስፈታ ዓመት ሞላኝ። ከዚያ ኮኦርዲኔተር ሆንኩ።

ማናጀር የሆንኩት በፈተና ነው። አንድ ፕሮዲውሰር የ12 ገጽ ስክሪፕትና የአንድ ቁጥር ወረቀት ሰጠኝ። «በዚህ ብር፣ በሦስት ቀን» አለኝና ቡናውን መጠጣት ጀመረ። ሁለት ካፌ የነበረውን አንድ አደረግኩት። የሌሊቱን ትዕይንት ወደ ቀን አመጣሁት፤ ሌሊት ማለት የመብራት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና እራት ነው። አይቶ ሳቀ። «ደራሲው ይጠላሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እስካሁን ይጠላኛል።

ስክሪፕት ሲሰጥሽ እንደ ታሪክ አታነቢውም። እንደ አስቤዛ ዝርዝር ነው የምታነቢው። ገጹ በስምንት ይከፈላል፤ አንድ ሙሉ ገጽ ስክሪን ላይ በግምት አንድ ደቂቃ ይወጣዋል። ከዚያ ትዕይንቱን ትበትኚዋለሽ። ስንት ተዋናይ፣ ምን ልብስ፣ መኪና አለ ወይ፣ ሕፃን አለ ወይ። «ዝናብ እየዘነበ ሠርገኛው ደረሰ» የምትል አንዲት መስመር ደራሲውን ምንም አላስወጣችውም። እኔን የቦቴ ውኃ፣ 60 አጃቢና የ60 ሰው ምሳ ታስወጣኛለች። ቅደም ተከተል የሚባልም የለም። ሳሎኑ አያት ሰፈር የተከራየነው ቤት ከሆነ፣ የድራማው የ13ቱም ክፍል የሳሎን ትዕይንት በአንድ ሳምንት ያልቃል። ሰውየው ጠዋት ይሞታል፣ ከሰዓት ይዳራል።

ይሄን ኮርስ ገብታ ትማረዋለች። ምሳውን ግን ማንም አያስተምራትም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ስንት፣ የፍስክ ስንት ብለሽ ትቆጥሪያለሽ። ሥጋ ካለ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ነው። በረመዳን የሚጾሙት ልጆች በማፍጠሪያ ሰዓት መብራት ተሸክመው እንዳይቆሙ ታስቢያለሽ። አንድ ጊዜ የሠርግ ድግስ ትዕይንት ሁዳዴ ውስጥ ጣልኩት። ሙሽራዋ የዶሮ ወጡን ሳህን እያየች «እኔ ይሄን አልቀምስም» አለች። ልክ ነበረች። ስህተቱ የኔ ነው፣ መርሐ ግብሩን ያወጣሁት የጾሙን ቀን ሳላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያንኑ ድንኳን ደግመን ተከራየን። አሁን ጠረጴዛዬ አጠገብ የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሏል፣ አጽዋማቱ በቀይ ተከበዋል።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከውጭ ሰዎች ጋር ዘጋቢ ፊልም ስንሠራ ኮል ሺቱ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚነግረው ወረቀት፣ 7:00 ይል ነበር። የጀነሬተሩ ሰውዬ 7 ሰዓት ላይ፣ ምሳ ስንበላ፣ ፈገግ ብሎ ደረሰ። ምን ትይዋለሽ? ከዚያ ወዲህ «በሐበሻ» የምትል ቃል ሳልጨምር ሰዓት ጽፌ አላውቅም። ውሉ ላይም እንዲሁ፣ በወር የተቀጠረ ሰው ጳጉሜን ማን ይከፍለኛል ብሎ ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ ጻፊው።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት እንዳትከራይም ንገሪያት። ዝናቡ ሲጀምር ሳውንድ ያዡ ማዳመጫውን አውልቆ ያይሻል። ያ ቀን አለቀ ማለት ነው። ፒያሳ ደግሞ አንድ ካፌ በር ላይ ግማሹን ቀርጸን ግማሹን አሳድረን ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ካፌውም አብሮ ሄደ። ስንመለስ በሩ የለም፣ ጎረቤቱም የለም። ደራሲው ሰውየውን ቤት አስለወጠው። ያኔ እንኳ እኔን መጥላት አልቻለም።

እየቀባጠርኩ ዋናውን እያሸሸሁት ነው፣ ይገባሻል።

እናትሽ፣ እማማ፣ ያረፉ ሌሊት ደወልሽልኝ። ወረቀትሽ አላለቀም፣ መምጣት አትችይም። «እኔን ሆነሽ ቁሚልኝ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ቀብሩ በማግስቱ 8 ሰዓት ነው። እኔ ቢሾፍቱ ነበርኩ፣ የሐይቅ ዳሩ ቀረጻ የመጨረሻ ቀን። አሰላሁት፤ ማስላት አይደል ሥራዬ። 4 ሰዓት እንጨርሳለን። መንገዱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። ነጠላዬን ከቤት ለመውሰድ ግማሽ ሰዓት። በጀት ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ እንደምይዘው ለዚህም ትርፍ ሰዓት ያዝኩ።

3 ሰዓት ላይ ጀነሬተሩ ቆመ። ሌላ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ፣ ሦስት ትዕይንት ቀረን።

ለረዳቴ ትቼ መውጣት እችል ነበር። ሁለት ዓመት መጻፍ ያቃተኝ ይሄ ነው። እችል ነበር። ቦታው ነገ አይገኝም፣ 42 ሰው ቆሞ እያየኝ ነው፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ እያልኩ ቆየሁ። ሰፈራችሁ ስደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። ንፍሮ ሰጡኝ። ታላቅ እህትሽ አቅፋኝ «ደክሞሻል» አለችኝ፣ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ንፍሮውን በመዳፌ እንደያዝኩ ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ቀረሁ።

አንቺ በማግስቱ «ቆምሽልኝ?» ብለሽ ጻፍሽ። ውሸቱን መጻፍ አልቻልኩም። እውነቱንም አልቻልኩም። ነገ እመልስላታለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ሼም ያዘኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ኮል ሺቴ ላይ ከስሜ በታች የምክትሌ ስም አለ። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ካለ፣ ካሜራ ማኑም ቢሆን፣ ይሄዳል። ፕሮዲውሰሮቹ አይወዱትም።

ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብለሻል። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀምሮ ሳምንቱን ዘግቼዋለሁ፣ ምንም ቀረጻ የለኝም። ቦሌ የምቀበልሽ እኔ ነኝ። ከፈለግሽ በቀጥታ ወደ እማማ እንሄዳለን። ስድቡንም እዚያው ልትጨርሺው ትችያለሽ።

ልጅቷን ላኪያት። ውኃ ታዳርሳለች፣ ደረሰኝ ትሰበስባለች። የአንድ ሳምንት ምሳ ሰው ሳያጉረመርም ካዘዘች ስክሪፕት መበተን አሳያታለሁ። ምቹ ጫማ ታድርግ፣ ቻርጀር ትያዝ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በሐበሻ።

ያንቺው