ተራራው በ15 ሰከንድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በተፈጥሮ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ለማሳየት በኅብረት የሚሠራ የቪዲዮ ጥበብን «ዘመቻ እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። የድንጋይ ካባ ተራራን የሚበላው ቀስ እያለ ነው፤ በየቀኑ የሚያልፍበት ሰው ዓይን ይለምደዋል። ከአንድ ቦታ፣ በቀን አንድ ፎቶ ዓመቱን ሙሉ ብታነሱ ግን፣ በሰከንድ 25 ምስል ሲሄድ ቪዲዮው 15 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች አፍታ ሸንተረሩ ሲጎመድ ታያላችሁ።

ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ ይታመማል፣ ይሰለቻል (እኔ በሳምንቴ ነው የተውኩት)። ተራ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ ካሜራውን ወደ ቅጠል ያስጠጋል፤ የካባው አቧራ በጣት ሲጠረግ አረንጓዴው ብቅ ይላል። አቧራ የለበሰ ቅጠል ብርሃን እንደልቡ አያገኝም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስትዘግቡ የዳይሬክተሩን ብቻ ሳይሆን የቀረጹትን ሁሉ ስም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ