ግቢውን በሙሉ ሊሾ አታስደርገው

ዴንቨር፣ ሰኔ 27

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንዴት ባጃችሁ? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷስ ተሻላት? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶላቸው ቤቱን ገልብጠውታል። አባታቸው እንደ ወትሮው ትራኩ ላይ ነው፤ ዛሬ ነብራስካን ሲያቋርጥ ይውላል።

የላክኸውን ድምፅ ሰማሁት። ግቢው ጭቃ ሆኖ እማዬ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን መሻገር አቅቷታል፤ ስለዚህ ከውጭ በር እስከ ጓሮ ድረስ ሊሾ እናስደርገው፣ ገንዘቡን ላኪ ነው ያልከኝ። ገንዘቡን እልካለሁ። ሊሾው ግን አልተዋጠልኝም። በስልክ ብነግርህ «እሺ እታለም» ብለህ የፈለግኸውን ታደርጋለህ፤ አውቅሃለሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ። ለእማዬም ጮክ ብለህ አንብብላት፤ ግቢው የሷ ነው።

አሜሪካ ተቀምጣ ስለ ደብረ ማርቆስ ጭቃ ምን ታውቃለች እንዳትለኝ። ሰውዬው መንገድ ላይ ስለሚከርም የዚህ ቤት ግቢ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ሳር ማጨዱ፣ ውሃ ማጠጣቱ፣ ጠጠር መደልደሉ፣ ሁሉም። መጀመሪያ በግድ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ወድጄዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ጫማ ሳልቀይር ጓሮ ነው የምገባው።

እናንተ ዘንድ ክረምቱ ሲገባ እዚህ በጋው ይገባል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዴንቨር የክረምቱ በረዶ ቀልጦ ቢቆጠር እንኳ በዓመት የምታገኘው ውሃ 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ደብረ ማርቆስ ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛውን ያውም በሰኔና በመስከረም መካከል። ታዲያ በዚህ ደረቅ አገር ሰዉ ደጁ ላይ የሚያበቅለው ምን መሰለህ? ሳር። ያውም ውሃ የሚጠጣ ሳር፣ ኬንታኪ ብሉግራስ የሚሉትን።

እማዬ ባለፈው በቪዲዮ ስታየኝ «ከብት የላችሁ፣ በግ የላችሁ፤ ለማን ነው እኮን የምታጭጅው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ለማንም አይደለም። ለዓይን ነው። ትንሽም ለጎረቤት ወሬ። ካልታጨደና አረም ከዋጠው ደግሞ ከተማው ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ዝም ካልክ ቅጣት አለው።

አጨዳው ራሱ ጥበብ አለው። የማሽኑ ምላጭ ዝቅ ብሎ መሬቱን መላጨት የለበትም። ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይተውለታል። ረዘም ያለ ሳር ለሥሩ ጥላ ይሆነዋል፤ መሬቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ሥሩም ወደ ታች ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ መቁረጥ ደግሞ ያደክመዋል። የተቆረጠውን አልሰበስበውም፤ እዚያው እበትነዋለሁ፤ ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ማሽኑን አጥፍቼ ስቆም የሚመጣው ሽታ ግን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጉዝጓዝ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሆድ ያስብሳል።

ውሃውም በሕግ ነው። በበጋ ከጠዋቱ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት ሳር ማጠጣት ክልክል ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነው፤ በኛ ከረፋዱ 4 እስከ ማታ 12። በሳምንትም የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ነው የማጠጣው። ምን ያህል እንደጠጣ ለማወቅ ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሳሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የተጠራቀመውን በልጆቹ ማስመሪያ እለካለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ የውሃ ቢሉን የሚከፍሉት እነሱ አይደሉም! መንግሥቱም የመረረው ይመስላል፤ በፈረንጆቹ 2022 ሳሩን ነቅሎ ውሃ የማይፈጅ ተክል ለሚተካ ሰው ድጎማ የሚሰጥ ሕግ የኮሎራዶ ግዛት አወጣ።

ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ የፊት ለፊቱን ሳር ነቅለው ጨርሰዋል። ወሬ ይወዳሉ፤ ከያዙህ አይለቁህም። ግን ከሳቸው አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ምንም ነገር ከመትከላቸው በፊት ዝናብ ሲዘንብ ዣንጥላ ይዘው ወጥተው ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። ከዚያ ነው ዶማ የሚያነሱት። እኔም የምለምንህ ይህንኑ ነው። ዝናቡ ጠንከር ሲል ወጥተህ እይ። ጭቃውን አይደለም፤ ውሃውን።

አሁን አብረን እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የሳሎኑ ቆርቆሮ ስልሳ ካሬ ይሆናል እንበል። ሃያ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ከሰዓት ዘነበ፤ በሐምሌ ይህ ብርቅ አይደለም። ከጣሪያው ብቻ 1,200 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ስድስት በርሜል! ይህ ሁሉ ጠፈጠፍ ሆኖ የሚወርደው የት ነው? እማዬ የምትረግጠው ቦታ ላይ። አሸንዳ የለውማ። የግድግዳው እግር በየዓመቱ የሚፈረፈረውና ለመስከረም ምርጊት የምናስመርገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለት መቶ ካሬ ግቢ ሊሾ ብታስደርግ ደግሞ በዚያው ዝናብ ሌላ 4,000 ሊትር ጨመርክበት። አሁን ቢያንስ ከፊሉን መሬቱ ይጠጣዋል። ሲሚንቶ አይጠጣም። ግቢያችን ከላይ ወደ ታች ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ ያ ሁሉ ውሃ ተሰብስቦ የሚሄደው ወይ ማድ ቤት ነው ወይ ከታች ያሉት ጎረቤት ቤት። የመጀመሪያው እማዬን ያስለቅሳል፤ ሁለተኛው ቀበሌ ያስከስሳል። ደግሞ ሊሾው ሥሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀ በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል። እርጥብ ሊሾ ላይ እማዬ በዚያ ጉልበቷ ብትንሸራተት ደግሞ አስበው።

እኔ የምልህ እንዲህ ነው። ቅድሚያ አሸንዳ። እሱ መስከረምን አይጠብቅም፤ በዚህ ሳምንት አሠራው። ቆርቆሮ ሠራተኛ ጥራና በማድ ቤቱ በኩል ባለው የጣሪያ ጠርዝ ያስርልህ። ወደ መውረጃው በኩል ትንሽ ዘንበል ይበል፤ አለዚያ ውሃ ያቁርና በመሃል ይሞላል። ከመውረጃው ሥር በርሜል አድርግ፤ ክዳን ይኑረው፣ ልጆች አሉ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ለልብስና ለተክል እንጂ ለመጠጥ አይሁን። በርሜሉ ሲሞላ የሚተርፈው በቱቦ ወደ ቦዩ ይሂድ።

ቦዩን ለአንተ አላስተምርህም። አጎቶቻችን ጤፍ ማሳ ላይ ፈሰስ ሲያወጡ እያየህ ነው ያደግኸው። እንደዚያው ነው። ከቤቱ በላይ በኩል አግድም ቀልበስ አድርገህ ቆፍር፤ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ይዞ በአጥሩ ጥግ ያውጣው። ቁልቁል ቀጥ አድርገህ አታውርደው፤ አፈሩን ጠርጎ ገደል ያደርገዋል። መውጫው የጎረቤት በር ላይ እንዳይሆን ደግሞ አብራችሁ ተነጋገሩ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ውሃ ልክ ከሌለህ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተህ ለካው።

መንገዱ ላይ ነው ልቤ ያለው። እማዬ የምትሄደው ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ውጭ በር ነው። ሌላው ግቢ ጭቃ ቢሆን ምን ቸገራት? እነዚህን ሦስት መንገዶች ብቻ በድንጋይ አንጥፍ። ስፋቱ አንድ ሜትር ይሁን፤ እንስራም ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው አይጨናነቅም። ጭቃውን አንድ ስንዝር ያህል ዝቀህ አውጣው። ሥሩ ላይ ሸካራ ድንጋይ፣ ከዚያ ላይ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ። በየደረጃው ጠቅጥቀው፤ ችኮላ እዚህ ላይ ነው የሚያስከፍለው። ከላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ደርድርበት። ሰፊው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ረግጠኸው የሚወዛወዝ ድንጋይ ካለ አንሳውና አሸዋ ጨምርበት። መንገዱ ከግቢው አፈር ሦስት አራት ጣት ከፍ ይበል፤ መሃሉ ደግሞ ትንሽ ጎበጥ ይበል። በድንጋዮቹ መሃል ሰርዶ ቢበቅል አትንቀለው፤ አፈሩን ይይዝልሃል። ይህን ሥራ ግን ከመስቀል በኋላ አድርገው። አሁን ብትጀምረው ጭቃ በጭቃ ላይ ነው። እስከዚያው ጠጠር አስደፋላት፤ በሱ ላይ ትራመድ።

ከታች በኩል ዘቅዘቅ ያለው ቦታ ላይ ደሾ ሳር ትከል። ጊዜው አሁን ነው፤ መሬቱ ርሷል። ከነሥሩ ተገንጥሎ ነው የሚተከለው፤ በተዳፋቱ አግድም በመስመር አድርገው። አፈሩን ያስርልሃል፤ ለበጓም መኖ ይሆናል። ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ ችግኝ ጣቢያ የት እንዳለ ይነግሩሃል። እማዬ ሳር ሲታጨድ አይታ «ይኸ ነው እንጂ ሳር» ትላለች፤ በጉ ይበላዋላ።

አቮካዶ እተክላለሁ ያልከውን ተወው። እሱ ለፍኖተ ሰላም ይሁን። ደብረ ማርቆስ ብርዱ አያስደስተውም። ይልቅ ፖም ሞክር፤ ለደጋ ተስማሚ ነው። ግን አንድ ብቻ አትትከል፤ ሁለት የተለያየ ዝርያ ጎን ለጎን ካልሆነ በደንብ አያፈራም። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅል፤ ትኩስ አዛባ እንዳታደርግበት፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። ዝናቡ ሲያባራ በዙሪያው ድርቆሽ ጎዝጉዝለት፤ አራት ጣት ውፍረት ይበቃል። ግንዱን ግን አያስነካው፤ አንድ መዳፍ ያህል ክፍት ተውለት፤ አለዚያ ልጡ ይበሰብሳል። እዚህ ሰዉ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደ ጉልላት ግንዱ ላይ ሲከምር ባየሁ ቁጥር እጄን ያሳክከኛል።

ጌሾውን እንዳትነካ። ጤና አዳሟንም፣ ጦስኙንም። ሊሾ ሲባል መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው፤ ከዚያ ለጠላ ጌሾ ከገበያ መግዛት ይመጣል። አጥሩ ሥር ያለው ባህር ዛፍ ግን ከጌሾው ጋር ውሃ ይሻማል። እሱን ሸጠህ ለድንጋዩ ማጓጓዣ ብታውለው እማዬም አትቀየምም፤ ጠይቃትና።

ሲሚንቶ ጨርሶ አይግባ አላልኩም። የማድ ቤቱ ደፍ፣ ልብስ የምታጥብበት ቦታ፣ የበርሜሉ መቀመጫ ሊሾ ይሁኑ። እነዚህ ውሃ የሚደፋባቸው ናቸው። ላዩን ልሙጥ አታስደርገው፤ በመጥረጊያ ሻከር ያድርጉት።

ለአሸንዳውና ለጠጠሩ የሚሆነውን በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ለድንጋዩ ደግሞ በመስቀል ሰሞን። አናጺውም ግንበኛውም ዋጋ ሲነግሩህ ቶሎ «እሺ» አትበል፤ እህቱ አሜሪካ ናት ብለው ይጨምሩብሃል። ደሾውን ስትተክል እማዬ እንዳታጎነብስ፤ ወንበር አውጣላትና ተቀምጣ ትዘዝህ። ማዘዙን እንደሆነ ታውቅበታለች።

ዝናብ እየዘነበ ሳለ የግቢውን ቪዲዮ ላክልኝ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ጀምረህ እስከ ታችኛው አጥር። ከዚያ ቦዩ የት ይሁን የሚለውን በስልክ እንጨርሳለን። ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያታለሁ በልልኝ። ለጎረቤቶቻችን፣ ለአክስቶቼ፣ ለሁሉም ሰላምታ አድርስ።

እታለምህ